እማማ ሃሎ የሰሙት ውሃ

«ያ ሰውዬ መጥቷል» አለችው አክስቱ፣ ጎንበስ ብላ በጆሮው። «በሩ ላይ ቆሟል። ግባ የሚለውም የለ፣ ውጣ የሚለውም የለ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ዋስትና ነዋ! ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣልህ።»

እናቱን የቀበረው ትናንት ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቀሙ ወንበሮች ተሞልቷል፤ አንዳንዱ የእንጨት፣ አንዳንዱ የፕላስቲክ፣ አንዱ ደግሞ ከፀጉር ቤት የመጣ፣ የሚሽከረከር ነው። በዚያ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሐዘኑን ለአፍታ ረስቶ እግሩን ወለሉ ላይ ሲተክል ይታያል። ጥቁር የለበሱ ሦስት ልብስ ሰፊ ሴቶች ቡና ከፔርሙዝ እየቀዱ ያድላሉ። ከመሐላቸው ረጅሟ «ዋስትና» የሚለውን ስትሰማ እጇ ባለበት ቀረ፤ ቡናው ሲኒውን ሞልቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ።

እሱ ተነሣ። አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም ሲመረምር የኖረ፣ ሲናገርም ሲራመድም አንዳች ነገር እንዳይፈስበት የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ወደ በሩ ሲሄድ ፊቱን ያዩ ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ዋስትና» የሚባለው ሥራ ተቋራጭ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል። ድሮ ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ የሱሪው ተኩስ እጅ የሚቆርጥ ሰው ነበር። አሁን ከስቷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ጭቃ አለ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

ይህን ሰው ያገኘው ዕለት ምን እንደሚለው ስምንት ወር ሙሉ በልቡ ሲያጠና ከርሟል። አሁን ግን የእናቱ ሬሳ ትናንት በወጣበት በር ላይ ቆሞ መሳደብ አልሆነለትም።

«ግባ» አለው፣ ራሱን እስኪገርመው ድረስ።

ሰውዬው ገባና ከሁሉም ጀርባ ሄዶ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

•

ሰፈሩ እናቱን «እማማ ሃሎ» ነበር የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርታለች። ያኔ ከከተማ ከተማ መደወል የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሷን «ሃሎ» ማለፍ ነበረበት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ገመዱን ከዚህ ቀዳዳ ነቅላ እዚያ ቀዳዳ እየሰካች፣ የማታውቀውን ሰው ከማታውቀው ሰው ጋር ስታገናኝ ኖረች። ሰው ስሙን ሳይናገር በትንፋሹ ትለየው ነበር። ጡረታ ስትወጣ አለቃዋ «እጇም ምላሷም አርፏል፤ ጆሮዋ ግን ጡረታ አይወጣም» ብሎ ነበር አሉ።

ቤታቸው ዳገት ላይ ነው። ከሥሩ ምድር ቤት አለው፤ ክረምት በገባ ቁጥር በሰሜን በኩል ያለው ጥግ ያልበዋል፣ ቀለሙም እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ ይነሣል። እናቱ በዚህ ተጨንቃ አታውቅም። ሳፋ ታስቀምጣለች፣ ትወለውላለች፣ «እንግዳዬ መጣ» ትላለች። ዝናቡ ሲያባራ እንግዳው ይሄዳል።

እሱ ግን አልቻለም። ግድግዳው ላይ የሚያድገውን ጥቁር ሻጋታ ባየ ቁጥር ሥራ ቦታው የሚያየው ነገር ትዝ ይለዋል። እናቱ ሰባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ያንን አየር ስትተነፍስ ዝም ብሎ ሊያይ አልሆነለትም። ጠያይቆ ይህን ሥራ ተቋራጭ አመጣ።

ሰውዬው በየሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «የሃያ ዓመት ዋስትና!» ስለሚል ስሙ ሳይውል ሳያድር «ዋስትና» ሆነ። ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ነበረው። ግድግዳው ላይ ሲያስደግፈው ቀይ መብራት እያበራ ይጮኻል።

«አዩልኝ? ግድግዳዎ ታሟል» አለ።

የላቦራቶሪው ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ አረፈ። በሚያውቀው ቋንቋ ነበር የተነገረው።

ሠራተኞች ሦስት ሳምንት ቆፈሩ። ቤቱን ዙሪያውን እስከ መሠረቱ አራቆቱት፤ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰኑት፣ በሬንጅ ቀቡት፣ ጥቁር ላስቲክ አለበሱት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ በሰሜኑ ጥግ፣ ሥራው ለግማሽ ቀን ቆመ። እናቱ በመስኮት ሆና አየች፤ ተቋራጩ ራሱ፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻውን ወረደና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ወዲያው ሲሚንቶ በከረጢት በከረጢቱ ይወርድ ጀመር።

«ምን አገኛችሁ?» አለችው።

«ትንሽ ቀዳዳ ናት፣ እማማ። ደፍነን ጨረስናት።»

በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳው እንደ አጥንት ደረቀ። መለኪያው አረንጓዴ አበራ። ልጇ ጥጉን በመዳፉ እየዳሰሰ «አየሽ እማዬ?» አላት። አንድ ቀን ግን ቁርስ ላይ ዳቦዋን አስቀመጠችና ጠየቀችው።

«ያ ውሃ ወዴት ሄደ?»

«የትኛው ውሃ?»

«እንግዳዬ ነዋ። በየዓመቱ የሚመጣው። እኛ በሩን ዘጋንበት፤ ወዴት ሄደ ነው የምልህ?»

•

ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እያወሩ ነበር። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ።

«መንገድ ላይ ሳለሁ ሚስቴ ምጥ ያዛት። ከአንድ ነዳጅ ማደያ ደወልኩ፤ መስመር የለም። እማማ ሃሎ ‹አትዝጋ› አሉኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ስልኩን ይዤ ቆምኩ። በየመሐሉ ‹አለህ?› ይሉኛል፤ ‹አለሁ› እላለሁ። መጨረሻ ላይ ‹ሴት ናት፤ ስማ› አሉኝና አገናኙኝ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት።» ሽማግሌው ዳር ላይ የተቀመጠችውን ጠይም ሴት በአገጫቸው ጠቆሙ። «ይቺውላችሁ። ዛሬ አያት ሆናለች።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት ሆናለች የተባለችውን አየ። ሴትዮዋ በመሐረቧ ዓይኗን ሸፈነች።

የታች ቤቱ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ወደ ላቦራቶሪው ሰው ተጠጋና «ላስወጣው እንዴ?» አለ በሹክሹክታ፣ ወደ ኋላ በዓይኑ እያመለከተ። «አንድ ቃል በለኝ ብቻ። አንገቱን ይዤ ነው የማስወጣው።»

«ተወው።»

«የኔን ሰዎች ሊገድል የነበረ ሰው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ተወው።»

•

እናቱ በዚያ ክረምት በየቀኑ ምድር ቤት ትወርድ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ አጭር ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ቀጥሎም ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታ ታዳምጣለች።

«ድሮ ያንጎራጉር ነበር» አለችው። «አሁን ያቃስታል። ደግሞ ቦታውን ቀይሯል፤ ወደ ልብስ ሰፊው በኩል ሄዷል።»

እሱ ምንም አይሰማውም። ተቋራጩን ጠራው። ሰውዬው መጣ፣ መለኪያውን አስደገፈ፣ አረንጓዴ። «እማማ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «በዚህ ዕድሜ ጆሮ ራሱ ውሃ ያፈሳል!» ብሎ ሳቀ።

ልጇም አብሮ ሳቀ። አጭር ሳቅ ነበረች፤ ከአፉ ሳታልቅ ነው የቆረጣት። እናቱ ግን ሰምታታለች።

በሳምንቱ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰዳት። እሷም እንቢ አላለችም። በመስታወት በተከለለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ማዳመጫ ሲያደርጉላት ወደ ድሮ ሥራዋ የተመለሰች መስላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን ታነሣለች። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እጇ ተነሣ። አሁንም ዝቅ አደረገ፤ ተነሣ። ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ በራሱ ጆሮ ሞከረው፤ ምንም አልሰማም። መልሶ ለሷ ሰጣት፤ እጇ ተነሣ።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ወጣ። «እናትህ ማሽኔ የሚያልቅበት ቦታ ደርሳ ገና እየሰማች ነው» አለው። «እንዲህ ዓይነት ጆሮ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ያመነ ሰው ያን ቀን አንዲቱን ማሽን ማመን አቃተው። መኪናው ውስጥ «እማዬ፣ አርጅተሻል» አላት። «በፈጠረሽ፣ ይህን ነገር ተይው።»

ቤት ደረሱ። ስትወርድ በሩን ይዛ እንዲህ አለች፦ «ስልክ ቤት ሳለሁ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ሰው ‹ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም› ሲልህ፣ ያኔ ነው ጠጋ ብለህ የምትሰማው።»

በማግስቱ ወደ ልብስ ሰፊው ወረደች። በሷ ግቢና በሱ የስፌት ክፍል መካከል የሁለት ሰው ቁመት ያለው የድንጋይ የድጋፍ ግንብ አለ፤ የክፍሉ የኋላ ግድግዳ እሱ ነው። ሦስቱ ሴቶች ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ይሰፋሉ። እናቱ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ይህ ግንብ አርግዟል» አለች። «ከዚህ ክፍል ውጡ።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ነበር፤ ጨርቁ እስከ ጣራ ተከምሯል። «ወዴት ልውጣ፣ እማማ? ሜዳ ላይ ልስፋ?»

«ሳሎኔ ሰፊ ነው።»

«እሺ፣ እናስብበታለን።»

አላሰበበትም። በሁለተኛው ቀን እናቱ ጠዋት ወረደችና፣ አንዱን የስፌት ማሽን ከነብረቱ አቅፋ፣ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እየሮጠ ደረሰባት። «እማማ ሃሎ! በወለደችዎት፣ ያስቀምጡት! እወጣለሁ፣ እወጣለሁ!» እያለ። ኀፍረት የማይገፋው ነገር የለም። እስከ ማታ ድረስ አራት ማሽን፣ ሦስት ሴት፣ አንድ ልብስ ሰፊና የጨርቅ ክምር ሳሎኑን ሞላው።

ልጇ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ፋብሪካ ሆኖ ጠበቀው። ተናደደ። «ሰው ምን ይለናል? እብድ ነች ይሉሻል!» አላት። እሷ ሻይ ቀዳችለት። አሥር ቀን እንዲህ ኖሩ። በእያንዳንዱ ቀን እሱ የበለጠ እያፈረ፣ ልብስ ሰፊው የበለጠ እያጉረመረመ፣ ሴቶቹ ግን ብርሃኑ የተሻለ ነው እያሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዝናብ አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። እናቱ በድንገት እጇን አነሣች፤ ልክ ሐኪሙ ቤት እንዳደረገችው።

«ስፌቱን አቁሙ።»

አራቱም እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ። ሴቶቹ በኋላ ሲናገሩ፣ መጀመሪያ ምንም አልሰማንም ነው ያሉት፤ የሷን ፊት ነበር የምናየው። ከዚያ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሮጠው ሲያዩ ግንቡ፣ መንገድ ያደከመው ሽማግሌ በጉልበቱ እንደሚንበረከክ፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ጎነበሰና የስፌት ክፍሉ ላይ ተኛ። ጣራው ሄደ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ከሁለት ተከፈለ። ከኋላው ቡናማ ውሃ ተከትሎ እስከ በሩ ሞላው። ሦስቱ ወንበሮች የነበሩበት ቦታ አልጋ የሚያህሉ ድንጋዮች አረፉበት።

ረጅሟ ሴት የያዘችውን እጅጌ ጣለች። ከዚያ እናቱ እግር ሥር ተቀመጠችና ጉልበቷን አቀፈች።

ልጇ ከሆስፒታል ሲደርስ ጭቃው መርጋት ጀምሯል። እናቱ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ ግንቡ የነበረበትን ቦታ ታያለች። እሱም አየ። ከግንቡ ጀርባ፣ አፈሩ በተገመሰበት፣ ሰው አጎንብሶ የሚያልፍበት የድንጋይ ቅስት ነበር። ወደ ዳገቱ ሆድ የሚገባ፣ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ቦይ። ድንጋዮቹ መሐል ሲሚንቶ የለም፣ ጭቃም የለም። ቢላዋ አያስገባም። እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ተጠርቧል። ሥሩ በውሃ ተልሶ ለስልሷል፤ የስንት ዘመን ውሃ እንደሆነ ማን ያውቃል። ማን እንደሠራውም በሰፈሩ የሚያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም። ሰዎች በላዩ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው፣ ሞተው፣ ሌሎች ተተክተው፣ እሱ ከታች ዝም ብሎ የዳገቱን ውሃ ሁሉ ሲያወርድ ኖሯል። ወደ ቤታቸው ሰሜን ጥግ በሚያልፍበት በኩል ብቻ፣ አፉ በአዲስ ግራጫ ሲሚንቶ ተጠቅጥቋል።

ልጇ ባርኔጣ ባያደርግም እጁ ወደ ራሱ ሄደ። በቤተ ጸሎት እንደቆመ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ» አላት።

«አላልኩህም?» አላለችውም። «ና» አለችው እጇን ዘርግታ። «ና፣ አንተም ስማው።»

•

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ተቋራጩ ተነሥቶ መጣ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።»

ወደ ጓሮ ወጡ። አዲሱ ግንብ አጠገብ ቆሙ።

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለ ሰውዬው። «ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እናትህ ይደውሉልኝ ነበር። ዛሬም ስልኩን በእጄ ይዤ ቁጭ አልኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ‹በቃ፣ ሞተዋል› አልኩ። ማንም አልነገረኝም።»

«እናቴ ላንተ? ለምን?»

ሰውዬው ኮፍያውን አሽከረከረ። «ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የገባሁት ቀዳዳ ልደፍን አልነበረም። እጄን ስከተው ውሃው ጓንቴን ከእጄ ላይ ወሰደው። በባትሪ አየሁ። ቅስቱን አየሁት፣ ወንድሜ። ሃያ አምስት ዓመት ስገነባ እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ግን ብናገር ሥራው ይቆማል፣ የቅርስ አጥኚው ይመጣል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይመጣል። ደፈንኩት። አሥራ አራት ከረጢት ዋጠ። አውቄ ነው ያደረግሁት።»

የላቦራቶሪው ሰው እጆቹ ተጨበጡ። ሰውዬው አይቶታል፤ ወደ ኋላ ግን አላለም።

«ግንቡ ሲወድቅ ስልኬን ዘግቼ ሌላ ከተማ ገባሁ። የሚስቴ ወንድም ጋራዥ ውስጥ ተደብቄ ነበር። በአራተኛው ቀን የጋራዡ ስልክ ጠራ፤ ‹ላንተ ነው› አሉኝ። ‹ሃሎ› አሉ እናትህ። ‹ሠላሳ አንድ ዓመት የጠፋ ሰው ሳገናኝ ኖሬ አንተን ላጣ?›»

ልጇ ሳያስበው አፉ ተከፈተ። ሊስቅ ይሁን ሊጮኽ አልታወቀውም።

«መጣሁ። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። የሚሰድቡኝ፣ ፖሊስ የሚጠሩብኝ መስሎኝ ነበር። ቅስቱ ውስጥ አስገብተው አቆሙኝ። ‹ዝም ብለህ ስማ› አሉኝ። ብዙ ቆየን። ከዚያ ‹እንዲህ ያደረግህበት ሌላ ስንት ቤት አለ?› አሉ። ‹የለም፣ እዚህ ብቻ ነው› አልኩ። ‹ድምፅህ ተሰበረ፤ እንደገና ቁጠር› አሉኝ። ዘጠኝ ነበር፤ ውሃ በወጣበት ሁሉ ውስጡን ሳላይ ሲሚንቶ ያፈሰስኩበት። ‹ሂድና ክፈት› አሉ። ማን ግቢውን ያስቆፍረኛል ብል፣ ‹እኔ እደውልላቸዋለሁ፤ አንተ አካፋህን ያዝ› አሉኝ።»

ሰኞ ሰኞ ጠዋት እናቱ ስልክ ይዛ «ስንተኛው ላይ ደረስክ?» ስትል ይሰማት ነበር። ከድሮ የሥራ ባልደረባዋ ጋር ስለ አንድ መጽሐፍ ምዕራፍ የምታወራ መስሎት፣ ጫማውን አስሮ፣ ሳይጠይቃት ወጥቶ ይሄድ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ። እዚያው ቤት ውስጥ እየኖረ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ‹ልጄ ንጹሕ ነው፤ አንተን ሲያይ እጁ ይቆሽሻል፤ መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ› አሉኝ።»

የላቦራቶሪው ሰው የጨበጠውን እጅ አየው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ።

«ስንት ቀረህ?»

«አንድ። ጡረተኛው ዳኛ። ‹ቤቴ ደረቅ ነው፣ ማስረጃ አምጣ› እያሉ በር ዘጉብኝ። ከግቢያቸው በታች ዳቦ ቤት አለ፤ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይሰለፍበታል። ባለፈው ሰኞ እናትህ ‹እኔ ራሴ እሄዳለሁ› ብለው ነበር።»

•

በማግስቱ ጠዋት ጃኬቱን ሲለብስ አክስቱ መንገድ ዘጋችበት።

«ለቀስተኛ ጥሎ የሚወጣ ሐዘንተኛ የት አገር ነው ያየኸው?»

«የእማዬ ጉዳይ ነው፣ አክስቴ። አላለቀላትም ነበር።»

አክስቱ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ልብስ ሰፊው ነገሩን ማታ ሰምቷል። ሄዶ በሐዘንተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ሂድ፤ እኔ እቀበላለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ተቋራጩ ዞሮ «ስትጨርስ ደግሞ ከኔ ጋር እንነጋገራለን» አለው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛው በር የከፈቱት በከዘራቸው ተደግፈው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅንድባቸው እንደ ብሩሽ የቆመ ሽማግሌ ናቸው። ተቋራጩን ሲያዩ በሩን ሊመልሱት ነበር።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ» አለ የላቦራቶሪው ሰው።

«ማስረጃ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም። መለኪያ ቢያስደግፉ ደረቅ ነው ይልዎታል። የእርስዎ ግድግዳ ደረቅ ነው፤ የኔም ደረቅ ነበር። እናቴ ‹ውሃው መሄጃ አጥቷል› ስትለኝ ሳቅኩባት። ጆሮዋን ላስመረምር ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አርጅተሻል አልኳት።» ድምፁ አልተቆረጠም፤ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣው። «በኋላ አራት ሰው በሷ ጆሮ ተረፈ። የማልሰማው እኔ ነበርኩ። ከትናንት ወዲያ ቀበርኳት። ሌላ ማስረጃ የለኝም።»

ዳኛው ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ባለፈው ሳምንት የደወሉልኝ ሴትዮ ናቸው?»

«ናቸው።»

«ስልኩን ዘጋሁባቸው።» ሽማግሌው ወደ ግቢያቸው፣ ወደ አበቦቻቸው አዩ። ከዚያ ከመንገድ ዘወር አሉ። «ቆፍሩ» አሉ።

ተቋራጩና ሁለት ሠራተኞቹ ቆፈሩ፤ የላቦራቶሪው ሰውም ጃኬቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ አካፋ ያዘ። ቀትር ሲያልፍ ግራጫው ሲሚንቶ ብቅ አለ። በመዶሻና በመሮ ገመሱት። የመጨረሻው ቁራጭ ሲነቀል መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ጉድጓዱ ራሱ ተነፈሰ። ዳኛው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ውሃው መጣ።

የላቦራቶሪው ሰው ባትሪ ይዞ አጎነበሰ። ያው ቅስት ነው። ያው እጅ ነው፤ ያው ቢላዋ የማያስገባ ድንጋይ፣ ያው የተላሰ ወለል።

«ከኛ ቤት እስከዚህ ስንት ይርቃል?» አለ።

«ግማሽ ሰዓት በእግር» አለ ተቋራጩ። «ስምንተኛውን ስከፍት ነው የገባኝ። ዘጠኙም ቤት ከናንተው ጋር አንድ መስመር ላይ ናቸው። የተለያየ ቦይ አይደለም፤ አንድ ነው። ከዳገቱ አናት ተነሥቶ እስከ ታች ወንዙ። ለእናትህ ስነግራቸው ‹ተመስገን፣ አገናኘናቸው› አሉ።»

የላቦራቶሪው ሰው ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ቀና አለ። ቤቶቹ በፀሐይ ውስጥ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ልብስ ተሰጥቷል፣ አንዲት ሴት ምንጣፍ ታራግፋለች፣ ከታች ደግሞ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተሰለፉት ሰዎች እየተሳሳቁ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከሁሉም እግር በታች ያ ውሃ ይሄዳል። ዳኛው ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ማንም አላዘዛቸውም።

ውሃው መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። የሲሚንቶ ፍርፋሪና ጠጠር እየገፋ አምጥቶ ቅስቱ አፍ ላይ ይከምራል። የላቦራቶሪው ሰው ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። እጅጌውን ሳይሰበስብ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተና ጠጠሩን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ።

«ተወው» አለ ተቋራጩ በቀስታ። «ውሃው ራሱ ይወስደዋል።»

«አውቃለሁ» አለ እሱ።

ግን አልተወውም። ሰው ከእናቱ ትከሻ ላይ የወደቀ ፀጉር እንደሚያነሣ፣ ቀስ እያለ፣ ጠጠሩን ከውሃው መንገድ ላይ እያነሣ ዳር ላይ አስቀመጠው።